ስለ ሐሮማያ ሐይቅ

ቅጥር ከጠላት ያድናል፤ ከውሃ ጥም ግን አያድንም። ይህም ነገር በሐረር ከተማ በጀጎል ታይቷል።

አሚር ኑር በ16ኛው ምእት ዓመት ያሠሩት የድንጋይ ግንብ ከተማዪቱን ከቦ፥ አምስቱ ጥንታውያን በሮችም በየማታው እየተዘጉ፥ ሕዝቡ በሰላም ሲያድር ኖረ። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ነገር ግን ግንቡ ይህን ክብር ባገኘበት ጊዜ፥ ለከተማዪቱ ብዙ ዘመን ውሃ ሲሰጥ የኖረው የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ነበር። ሐይቁ ከግንቡ ውጭ፥ በስተ ምዕራብ፥ ሩቅ ስለሚገኝ በሩን የሚጠብቀው ሰው ሊያየው አልቻለም።

ሐይቁን ላድርቅ ብሎ የተነሣ ማንም አልነበረም። ገበሬው ልጆቹን ሊያሳድግ ጫቱንና ድንቹን በሞተር እየሳበ አጠጣ፤ የከተማው ሰው ሊጠጣና ሊታጠብ ቀዳ፤ ማገዶ ያጣው ዛፍ ቆረጠ። የተራቈተውም ኮረብታ አፈሩን በጐርፍ ሰደደ፤ የሐይቁም ወለል በደለል ተሞላ። እያንዳንዱ የወሰደው ጥቂት ነው፤ ለወሰደውም በቂ ምክንያት ነበረው። የጠፋው ልክ ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ ለሐረር የሚሆነው ውሃ ከድሬዳዋ ወገን፥ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፥ ከቆላ ወደ ደጋ ሽቅብ በቧንቧ እየተገፋ የሚመጣ ሆነ። በደጅ የነበረውን ያላከበረ፥ ሩቁን በብዙ ድካምና ገንዘብ ይፈልጋል።

እንዲህ ያለው ጥፋት በሐረር አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በእስያ የሚገኘው የአራል ባሕር፥ ወደ እርሱ የሚፈሱት ሁለት ታላላቅ ወንዞች ለጥጥ እርሻ ስለ ተጠለፉ፥ አብዛኛው ስፍራው ደረቅ ምድር ሆኗል።

ዳሩ ግን ሐሮማያ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ገና ውሃ ቋጠረ። ዝናም ረዳው፤ በዙሪያው የተሠራው እርከንና የተተከለው ችግኝም አገዘው። ሆኖም ሞተሩም፥ ጫቱም፥ የሕዝቡም ብዛት በዚያው አሉ። በልጅነቱ የተሰነጠቀውን የሐይቅ ወለል የረገጠ ሰው ዛሬ አባት ሆኗል፤ ለልጁ የሚያወርሰው ውሃውን ነው ወይስ ስንጥቁን?

የጀጎል አባቶች በሮቹን ይዘጉ የነበረው፥ ጠባቂ የሌለው ሀብት እንደማይቆይ ስላወቁ ነው። ሐይቅ የድንጋይ ግንብ የለውም፤ ቅጥሩ ልክን ማወቅ ነው።