ሞት ፈላጊው ድንክ

ድንኩ ወደ ውጊያ ሲገባ ጥሩር አይለብስም። ጸጉሩን ግራና ቀኝ ተላጭቶ የመሐሉን ብርቱካናማ ቀለም ነክሮታል፤ በእንስሳ ስብ አሽቶም ቀጥ አድርጎ አቁሞታል። ገላው በንቅሳት ተሸፍኗል። ትልቅ መጥረቢያ በሁለት እጁ ጨብጦ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእሱ የሚበረታ አውሬ ገጥሞ መሞት።

ይህን ገጸ ባሕርይ የተጫወትኩት እንግሊዝ አገር፣ የጨዋታ ኩባንያው የጌምስ ወርክሾፕ ዋና መሥሪያ ቤት ባለባት በኖቲንግሃም ነው። ጨዋታው ዋርሃመር ፋንታሲ ሮልፕሌይ ይባላል። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን እኛ የምንጫወተው የ2005ቱን ሁለተኛ እትም ነበር። ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙንና አውሬዎቹን ይይዛል፣ የቀረነው እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው ሆነን እንናገራለን፣ እንዋጋለን። ያሰብነው መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። የእኛ መሪ ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሳሎናቸውን ለቀውልን፣ ሻይ አፍልተው፣ እስከ እኩለ ሌሊት ያጫውቱን ነበር።

ትሮልስሌየር (ትሮል የተባለው አውሬ ገዳይ) የሚባለው ይህ ድንክ ለምን ሞት እንደሚፈልግ ሲነግሩኝ ነው ልቤ የተነካው። ድንኮች ነውር አይችሉም። ቃሉን ያፈረሰ ወይም ወገኑን በጦር ሜዳ ጥሎ የሸሸ ድንክ ቤቱንና ወገኑን ትቶ ይምላል፤ ከዚያ ወዲያ ነውሩን የሚያጥበው በጀግንነት መሞት ብቻ ነው። አርአያቸው ከጥንት አባቶቻቸው አማልክት አንዱ የሆነው ግሪምኒር ነው፤ ራሱን ተላጭቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ አጋንንቱ ምድር ዘልቆ አልተመለሰም። ካራክ ካድሪን በተባለው ምሽግ ደግሞ ኡንግሪም አይረንፊስት የሚባል ንጉሥ አለ። ከቀደምት አባቶቹ አንዱ የሆነው ባራጎር የገባውን የሞት መሐላ ወርሷል፤ ንጉሥ ነውና ግን ሕዝቡን ጥሎ ሊሞት አይችልም። ሁለት መሐላ ተሸክሞ ይኖራል። ከዚያ ዓለም ታሪክ ሁሉ እንደ ኡንግሪም አንጀቴን የሚበላው የለም።

እኔ ያደግኩት ሠርግ ላይ ሽማግሌዎች ሲሸልሉና ሲፎክሩ እያየሁ ነው። የእኛ ፎካሪ የአባቱን ስም ጠርቶ ግዳዩን ይቆጥራል። ስሌየሩ ግን ለመሐላ ያበቃውን አይናገርም። ስለዚህ የእኔ ድንክ ዝምተኛ ሆነ። ነውሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ለመሪያችን ብቻ ሰጠሁ።

ብዙ ሰው ይህን ገጸ ባሕርይ የሚወስደው ጠላት ባየ ቁጥር ዘሎ ለመግባት ነው። ጓደኞቹ ሳይዘጋጁ ውጊያ ይከፍትባቸዋል፤ ሲቆጡት "ምን ላድርግ፣ ስሌየር እኮ ነኝ" ይላል። እንዲህ ያለ ተጫዋች ባለበት ጠረጴዛ ተቀምጬ ሌሎቹ ባልፈለጉት ሞት ሲያልቁ አይቻለሁ። መሐላውን ማርከስ ነው፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስሌየር ሆን ብሎ ተሸንፎ ቢሞት ነውሩ አይነሣለትም፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ተዋግቶ መረታት አለበት። ጓደኞቹን ይዞ የሚጠፋማ በነውር ላይ ነውር ይጨምራል። የጎበዙ ስሌየር መከራም እዚህ ላይ ነው። ትሮል ገድሎ ከተረፈ ጃይንትስሌየር (የግዙፎች ገዳይ) ይሆናል፣ ከዚያ ዴመንስሌየር (የአጋንንት ገዳይ)፤ ማዕረጉ ባደገ ቁጥር የሚፈልገው ሞት እየራቀው ይሄዳል። የዊሊያም ኪንግ ልቦለዶች ጀግና ጎትሬክ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ አሟሟቱን ሊጽፍለት ሰክሮ ቃል የገባው ባለቅኔው ፊሊክስ ከኋላው ሲከተል ይከርማል።

የድልድዩን ሌሊት ግን መቼም አልረሳውም። በተራሮች መካከል አንድ ቁስለኛ ጓደኛችንን በቃሬዛ ተሸክመን ስንሻገር ከድልድዩ ሥር ትሮል ወጣ። ትሮል ከሰው እጅግ የሚገዝፍ፣ ቁስሉ መልሶ የሚገጥም፣ የሆዱን አሲድ በሰው ላይ የሚተፋ አውሬ ነው። ድንኩ "እናንተ እለፉ" አለ፤ በዚያ ምሽት ሌላ ቃል አልተናገረም። ዳይሱን ወረወርኩ፤ መጥረቢያው አረፈበት። ለጉዳቱ ባለ አሥር ፊት ዳይስ ሁለት ጊዜ ወርውሮ የሚበልጠውን መያዝ ነው፤ የትልቅ መጥረቢያ ደንቡ ይኸው ነው። አንደኛው አሥር ወጣ። በዚያ እትም ይህ የኡልሪክ ቁጣ ይባላል፤ ደግመህ መምታት ከቻልክ ሌላ ዳይስ ይጨመርልሃል። ቻልኩ። ሁሉም ከወንበሩ ተነሣ፤ እኔም ሳላስበው በአማርኛ "ዘራፍ!" አልኩ።

ትሮሉ አልወደቀም። በሚቀጥለው ዙር ክንዱን ሲያሳርፍበት ድንኩ አበቃለት። መሪያችን መጽሐፋቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

"አንድ ፌት ፖይንት ቀርቶሃል" አሉኝ። "ትጠቀምበታለህ?"

ፌት ፖይንት የዕጣ ፈንታ ምሕረት ነው፤ አንዱን ለዘለዓለም አጥፍተህ ከማይቀር ሞት ትተርፋለህ። ሌላ ተጫዋች ቢሆን አያመነታም። ስሌየር ግን ሲፈልገው የኖረው ሞት እግሩ ድረስ መጥቶለት እንዴት እምቢ ይላል? ወደ ካርታው አየሁ። ቃሬዛውን የያዙት ገና ድልድዩን አልጨረሱም፤ ድንኩ ከሞተ ትሮሉ በአንድ ዙር ይደርስባቸዋል።

"እጠቀማለሁ" አልኩ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ቁስለኛውን የሚጫወተው ልጅ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

መሪያችን የፈጠሩት መውጫ እስካሁን ይገርመኛል። የድልድዩ አግዳሚ ተሰብሮ ትሮሉና ድንኩ አብረው ወንዝ ውስጥ ገቡ፤ ጓደኞቹ ተሻገሩ። ድንኩ ንጋት ላይ ከታች አሸዋው ላይ ነቃ፤ ያለ መጥረቢያ፣ በሕይወት። ሲያገኙት እያለቀሰ ነበር።

ሞቱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ጃይንት ወደ አንድ መንደር ሲወርድ መንገዱን ዘግቶ፣ ሌሎቹ ሰዉን እስኪያወጡ ድረስ። ፌት ፖይንት አልነበረውም። እኔም የማውቀውን ብልሃት ሁሉ ተጠቅሜ፣ ሊተርፍ እንደሚፈልግ ሰው ተዋጋሁለት። ሲወድቅ መሪያችን ብጣሽ ወረቀቷን ሊመልሱልኝ ዘረጉ፤ እርስዎ ዘንድ ትቆይ አልኳቸው።

በሚቀጥለው ጊዜ ስንገናኝ አዲስ ገጸ ባሕርይ ለመፍጠር ዳይስ ወረወርኩ። አይጥ አዳኝ ወጣልኝ፤ ትንሽና ቁጡ ውሻ ያለው። ከቡድኑ ጋር የተገናኘውም እዚያው መንደር ውስጥ ነው፤ ድንኩን ከቀበሩት ሰዎች አንዱ አደረግኩት።