250 ኪሎ አደራ፦ ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ

በሬ መኪና ላይ ሲጫን አይተናል፤ ግመል እንኳ ተንበርክኮ በአይሱዙ ሲሄድ አይተናል። ሰው ተሸክሞ አገር ላገር እንዲዞር የተሠራ ሞተር ሳይክል ራሱ ተሸካሚ ሲሻ ያየነው ግን በ2002 ዓ.ም. ጥር ወር ሞያሌ ላይ ነው።

ወደዚያ የወረድነው የታመሙ አክስታችንን ልንጠይቅ ነበር። ሞያሌ እንደሚታወቀው አንድ ከተማ ስትሆን አገሯ ግን ሁለት ነው። ቁርስ ኢትዮጵያ በልቶ ሻይ ኬንያ መጠጣት እዚያ ወሬ አይደለም፤ ሱቁም ብሩንና ሽልንጉን እኩል ይቆጥራል። በሦስተኛው ቀን ልንመለስ ስንዘጋጅ አንድ ስድሳ ዓመት ያለፈው ጀርመናዊ የወንድማችንን ነጭ ሃይሉክስ እየዞረ ሲመለከት አገኘነው። ፒክአፑ ባለ ነጠላ ጋቢና በመሆኑ ካሶኒው ረጅም ነው። ሰውየው ዓይኑን የጣለበትም ለዚሁ ኖሯል።

ከማርሳቢት እስከ ሞያሌ ያለው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ያን ጊዜ አስፋልት አልነካውም ነበር። (ዛሬ ለብሷል፤ የዛሬ ተጓዥ ይህን ሲያነብ ላያምነን ይችላል።) ዲዳ ገልገሉ የሚባለውን ጠፍ ምድር አቋርጦ የሚመጣው ይህ መንገድ ድንጋዩ ስለት፣ ወለሉ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸበሸበ ነበር። በእንዲህ ያለ ወለል ላይ ሾክ አብሶርበር ያለ እረፍት ሲወጣና ሲወርድ ውስጡ ያለው ዘይት ይግላል፤ ማኅተሙ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ሸክሙ ሁሉ በብረቱ ላይ ነው። የጀርመናዊው የኋላ ሾክ አብሶርበር ከነመያዣው ተሰብሮ ነበር። መለዋወጫው ከአገሩ በአውሮፕላን የሚመጣው አዲስ አበባ ስለሆነ ሞተር ሳይክሉም እዚያው መድረስ ነበረበት። ወንድማችን በዋጋ ተስማማ። አክስታችን ከአልጋቸው ሆነው «ልጆቼ፣ የእንግዳ ንብረት አደራ ነው» አሉን፤ እኛም ኢንሻ አላህ ብለን ወጣን።

ሞተር ሳይክሉ ቢ.ኤም.ደብልዩ አር 1150 ጂ.ኤስ. ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮቹ እንደ ጆሮ ግራና ቀኝ ወጥተዋል፤ ይህ አሠራር ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፋብሪካው መለያ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከነነዳጁ 250 ኪሎ ግድም ነው፤ ያውም ሁለቱን የአሉሚኒየም ሳጥኖች ፈትተን ካወረድን በኋላ።

ወንድማችን ፒክአፑን ወደ ኋላ አድርጎ ከአንድ የአፈር ጉብታ ጋር አስጠጋው። ካሶኒውና ጉብታው ሊተካከሉ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራቸው በመሃል ሁለት ወፍራም ጣውላ ዘረጋን። አንዱ ለጎማው ነው፤ ሁለተኛው መሪውን ለያዘው ሰው እግር ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሞተር ሳይክሉ ከፍ ሲል የያዘው ሰው ግን መሬት ላይ ይቀርና መሪው ከእጁ ያመልጣል። ጀርመናዊው የሞተሩን ቁልፍ አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ «ግፉ» አለን። ስንደክም ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተር ሳይክሉ ባለበት ቀጥ ይላል። በሽቅብ ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ፍሬን ብቻውን አይይዝም፤ ጎማው ተቆልፎም ይንሸራተታል። አራት ሆነን በሦስት ትንፋሽ አወጣነው።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። ጥፋቱ የመጣው በማሰሩ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው።

ሰውየው ሞተር ሳይክሉ በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲታሰር ፈለገ። እኛ ደግሞ በጎን መቆሚያው ዘንበል ይበልና እንጠፍረው አልን። የወንድማችን ረዳት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ «ጋሼ፣ እግሩን እጠፉት፤ ይረግጥና ይላላል» ብሎን ነበር። ፍሪጅም ስንዴም ስንጭን የኖርን ሰዎች ነን ብለን ዝም አሰኘነው። በሲባጎና በናይሎን ገመድ ተበተብነው። ልጁንም «ዕቃውን ጠብቅ» ብለን ካሶኒው ላይ አስቀመጥነው።

ከሞያሌ ወጥተን ወደ ሜጋ ስንጓዝ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጎማችን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ከኋላችን «ጓ!» የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎም የልጁ ጩኸት ተሰማ። ወርደን ስናይ የጎን መቆሚያው በየንቅጥቅጡ የካሶኒውን ወለል ሲወጋ ቆይቶ ገመዶቹን አላልቷቸዋል፤ ጉድጓዱ ሲያነጥረው ሞተር ሳይክሉ ወደ ቀኝ ተገልብጦ ስፖንዳው ላይ ወድቋል። ልጁ የጋቢናው ጣሪያ ላይ ዘሎ ወጥቶ ነበር። እግሩ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ሲሊንደሩ አለ።

ጀርመናዊው ወደ ሞተር ሳይክሉ አልሄደም። ልጁን ከጣሪያው አውርዶ እግሩን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ዳሰሰው። እኛ ደግሞ፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ መጀመሪያ ያየነው የተሰበረውን መስታወት ነበር። ወንድማችን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሳም።

ዳግመኛ ሲታሰር አሳሪዎቹ ጀርመናዊውና ልጁ ነበሩ፤ እኛ የታዘዝነውን ብቻ እናቀብል ነበር። የፊቱ ጎማ ከካሶኒው የፊት ግድግዳ ጋር ተጋጠመ፤ የጎን መቆሚያው ታጠፈ። ሰውየው ሳጥኖቹን ያሰረባቸውን አራት ባለ ማጥበቂያ ቀበቶዎች ፈታ። ሁለቱን ከመሪው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከሥሩ፣ ከጠንካራው ብረት ላይ አዙሮ ወደ ፊትና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳባቸው። ብረት ከቀበቶ ጋር በሚነካካበት ሁሉ ልጁ አሮጌ ካላማዳሪ ቆርጦ ጠቀለለበት። የፊቱ ሞላ ግማሽ ድረስ ሲጎነበስ ማጥበቁን አቆመ። ከዚያ ካነሰ ጉድጓድ ሲገኝ ቀበቶው ላልቶ መንጠቆው ይወልቃል፤ ከዚያ ከበዛ ሞላው መተንፈሻ ያጣና ንዝረቱን ሁሉ ብረቱ ይቀበለዋል። የኋላዎቹ ሁለት ቀበቶዎች ሥራቸው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት መያዝ ብቻ ነው።

አሥር ኪሎ ሜትር ሄደን ቆምን፤ ቀበቶዎቹ ሁለት ጥርስ ያህል ተጨማሪ ገቡ። ሃያ ሄደን ቆምን፤ አንድ ጥርስ። ሜጋ ለዙህር ስንቆም ምንም አልገቡም። ልጁ ግን በየማቆሚያው ሁሉ ማንም ሳያዘው ይወርድና ቀበቶዎቹን እንደ ክራር በጣቱ ይመታቸው ነበር።

እሱን ካሶኒው ላይ መልሰን አላስቀመጥነውም። አራት ሆነን ጋቢናው ውስጥ ተጣበቅን። ኤል ሶድን፣ ያን በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጥቁር የጨው ሐይቅ፣ ለማየት ብንጓጓም የሞተር ሳይክሉን ነገር ስላሰብን ዱብሉቅን ሳንቆም አለፍናት። የቦረናዎቹ ግመሎች ግን አስፋልቱ ላይ ቆመው ብዙ ጊዜ አስቆሙን። ያቤሎ መገንጠያ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ጭነታችንን ዞሮ ዞሮ አየና «እንዲህ ነው እንጂ ማሰር!» ብሎ አመሰገነን፤ ከዚያም ጋቢናው ውስጥ አራት መሆናችንን ቆጥሮ የቅጣት ደረሰኝ ጻፈልን። ተከራክረን አልከራከርም። ትክክል ነበር።

ሐገረ ማርያም አደርን። በማግስቱ በዲላና በሐዋሳ አድርገን፣ ስንቆም ስንፈትሽ፣ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ጨርሰን አዲስ አበባ የገባነው ከመሸ በኋላ ነው። ወንድማችን ከተስማማበት የጭነት ዋጋ ላይ የመስታወቱን ግምት ቀንሶ ተቀበለ። ጀርመናዊው ግማሹን ብቻ እንዲቀንስ ቢለምነው እምቢ አለ።

ለማውረድ ጉብታ ፈልገን ከአንድ ግቢ ደረጃ ጋር ፒክአፑን አስጠጋነው። ልጁ ቀበቶዎቹን መፍታት ሲጀምር ወንድማችን ከፊት ያሉትን ሊያግዘው እጁን ሰደደ። ልጁም «ጋሼ፣ የፊቶቹ መጨረሻ ነው የሚፈቱት» አለው። ወንድማችን እጁን ሰበሰበ።