መኪናው የሚያድርበት ሰፈር

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ስሙ ከሁለት የተገጠመ ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የድሮ ጣቢያ የመጣ ነው ይላሉ አዛውንቶች፤ ላፍቶ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ግራር ማለት ነው። ዛሬ ከጎተራ ማሳለጫ ተነስቶ በሳሪስ፣ በሀና ማርያም፣ በለቡና በጀሞ አድርጎ በመካኒሳ በኩል ሳር ቤት ለሚወጣ ሰው ግን ሽቦውም ግራሩም ብዙ አይታየውም። የሚታየው መኪና ነው፤ አጥር ሥር የተደረደረ፣ መስታወቱ ላይ የስልክ ቁጥር የተለጠፈበት፣ ደላላው "ምንም አልተነዳም" የሚለው መኪና።

ይህን ዙሪያ ሰሞኑን የዞርኩት መኪና ፈላጊ ከሆኑ ዘመዶቼ ጋር ነው። ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት ናቸው። የያዙት የስድስት ዓመት እቁብና ቁጠባ ነው፤ አንዴ ከወጣ የሚተካ ገንዘብ አይደለም። አባትየው መልኩ ቀልጠፍ ያለ፣ ሲረግጡት ፈትለክ የሚል፣ ቸርኬው የሚያምር መኪና ይፈልጋል። የበኩር ልጁም ከእሱ ጋር ነው። እማማ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ስገባ ሳልጎነበስ፣ ስወጣ ሰው ሳልደገፍ ይሁንልኝ።" ብዙ የመኪና መምረጫ ምክር አንብቤያለሁ፤ እንደዚህ አጭርና ትክክለኛ መለኪያ ግን አላየሁም።

ገበያው ለምን እንዲህ እንደሆነ ባጭሩ ላስታውስ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው የገፋ መኪኖች ላይ ግብሩን አከበደው። በ2014 የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረጉ። ጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ተለቀቀ። ውጤቱ ከሳሪስ መንገድ ዳር ቆሞ ይታያል፤ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሠራች ቪትስ ዋጋዋ አልወርድ ብሎ፣ አጠገቧ ደግሞ ከቻይና የመጣ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ላስቲክ ገና ያልተነሳ የኤሌክትሪክ መኪና። በጀቱ የተወሰነ ቤተሰብ ከሁለቱ መሀል ነው የሚዋዥቀው።

በፍጥነት ጉዳይ አባትየው የሚሞግተው ሰው አልነበረም፤ ከፍታው ራሱ መልስ ይሰጣል። ይህ የከተማችን ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በወረቀት ላይ ስፖርታዊ የተባለች ባለ 1.2 ሊትር ስዊፍት ስድስት ሰው፣ ያውም ከተፈቀደላት በላይ፣ ጭና ከመካኒሳ ወደ ሳር ቤት ሽቅብ ስትል ታቃስታለች። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይገደውም። ቮልስዋገን አይዲ 4 ላይ ደላላው "ርገጠው!" ሲለው አባትየው ረገጠው፤ እማማ "በስመ አብ!" አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ዳሽቦርዱን አየሁ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነበር። ለቻይና ገበያ የተሠራ ነውና መሰኪያውም የቻይና ደረጃ ነው፤ የአምራቹ ዋስትና እዚህ ስለማገልገሉ ሻጩ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ በቃል አትመኑ።

ስድስት ሰው በሕግ የሚይዝ ከተባለ አይዲ 6 አለ፤ ሦስት ረድፍ ወንበር አለው። ዋጋው ግን ከእነሱ እቁብ በላይ ነበርና ወደ ውስጡ እንኳ አልገባንም።

ነገሩ የተለወጠው ጀሞ ስንደርስ ነው። ዘመዶቼ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ መኪና የሚያድረው ጊቢው ውስጥ ቀድሞ የገባ በያዘው ቦታ ነው። የቤት ቆጣሪያቸው ላይ፣ መኪናው ታች ላይ። ከመስኮት ገመድ ዘርግቶ ማሞላት ልጆች የሚሯሯጡበትና ዝናብ የሚወርድበት ጊቢ ውስጥ የሚታሰብ አይደለም፤ ያየሁት ቢኖርም አልመክረውም።

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። ተራ የግድግዳ ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። አይዲ 4ን የሚያህል መኪና 40 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አራት ሰዓት ያልሞላ መሰካት የዕለቱን ይመልሳል። ለቡ ወይም ላፍቶ የራሱ ጊቢ ላለው ሰው ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ማታ ሰክቶ ተኝቶ ጠዋት መነሳት ነው። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ትንሿ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ብትጠጣ እንኳ ለዚያው 40 ኪሎ ሜትር ወደ 300 ብር ትበላለች። ልዩነቱ በወር ሲደመር የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይደግፋል። ሶኬት ለሌለው ሰው ግን የነዳጅ ወረፋው በቻርጅ ወረፋ ይተካል እንጂ ወረፋው አይቀርም።

የለቡን የውስጥ መንገድ ሆነ ብዬ ነው የመረጥኩት። ኮብልስቶን አለ፣ ጠጠር አለ፣ ቁመቱ የማይታወቅ ፍጥነት መቀነሻ አለ። አባትየውን የማረከው ባለ ትልቅ ቸርኬ መኪና ጎማው ስስ ነው፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ድንጋጤው በቀጥታ ወንበሩ ላይ፣ ከዚያ እማማ ወገብ ላይ ይወጣል። ቪትስ ቀላል ናት፣ አንድ ቶን ገደማ፤ ግን ዝቅ ያለች ስለሆነች ሙሉ ሰው ጭና ሆዷን ትነካለች። ሱዙኪ ቪታራ 18.5 ሴንቲ ሜትር ከመሬት ከፍ ይላል፤ እማማ ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲሉ ጉልበታቸው አልታጠፈም፣ አልተንጠለጠለም። ልጁ "አይሮጥም" ብሎ አኮረፈ።

መፈተሹ ላይ አልረዝምም፤ መካኒክ ከፍላችሁ ውሰዱ። እናንተ ግን ልታዩት የምትችሉት አለ። ጌጁ 30,000 ኪሎ ሜትር እያለ ፔዳሉ ላስቲክ ካለቀ፣ መሪው ካብረቀረቀ፣ ጌጁ ተመልሷል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ብሎኖቹ ላይ የቁልፍ ጭረት ካለ አንድ ጊዜ ተፈትቷል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ጋር በጣታችሁ እየነካችሁ አመሳክሩ። የኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ይነበብ፤ ብዙ አምራቾች ባትሪን እስከ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ይዋሱታል፤ ስለዚህ የተመረተበትን ዓመት መጠየቅ ከኪሎ ሜትሩ እኩል ነው። የሕፃን መቀመጫ ማሰሪያው የኋላ ወንበር ላይ መኖሩንም እጃችሁን ሰዳችሁ ፈልጉ፤ ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ዘመዶቼ ጥቂት የተነዳ ቪታራ ላይ ቀብድ ከፈሉ። እኔ የምፈርደው ለእነሱ ነው፤ ቤታቸው ለቡ ቢሆን ኖሮ ሌላ እመክራለሁ። የቀረው ገንዘብ ለአራት ጎማና ለእግሩ ሥራ ተቀምጧል፤ የስም ዝውውሩ ሳያልቅም ቀሪውን እንዳይከፍሉ ተስማምተዋል። አባትየው ቅዳሜ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ቀለበት መንገዱ ላይ ሊሞክራት ነው።