ዋንጫው ጎንደር ገባ፣ ጥማቱ ግን አልወጣም

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ፣ በዚያ የውድድር ዓመት ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። ይህን ስናገር ደጋፊ ጓደኞቼ ይቆጣሉ። "ዋንጫ ዋንጫ ነው፣ የትም ይምጣ!" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ዋንጫው ከመጣ በኋላ እንኳ ይህች ከተማ ለምን እንዳልጠገበች ሳስብ ነው የከረምኩት።

ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ2008 መጨረሻ የጎንደሩ ዳሸን ቢራ ከሊጉ ሲወርድ፣ ፋሲል በፋንታው አደገ። የፋብሪካው ቡድን ሄዶ የሕዝቡ ቡድን መጣ ተባለ። ደጋፊውም ከአራዳ፣ ከአዘዞ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ሳይቀር እየተጫነ ፋሲለደስ ስታዲየምን ይሞላ ጀመር። በዚያ ላይ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለን? የሊጉ ክብር የአዲስ አበባዎቹ፣ በተለይ በ1928 የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ርስት ነው የሚለው ወግ ተሰብሯል፣ ታዲያ እኛስ ምን ይጎድለናል የሚል ጥያቄ በየቡና ቤቱ ሆነ።

በ2011 መልሱ ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር። ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ሻምፒዮን ያደረገው ውበቱ አባተ አፄዎቹን፣ ማለትም ፋሲልን፣ ይዞ እስከ መጨረሻው ቀን ተፎካከረ። በዚያ ቀን ዋንጫው ለትግራዩ መቐለ 70 እንደርታ ሆነ። ያን ጊዜ የክለብ ፉክክር ከሜዳው አልፎ የክልል ፉክክር ሆኖ ስለነበር፣ ቁጭቱ የኳስ ቁጭት ብቻ አልነበረም። ይህን ደብቀን ስለዚያ ዓመት ብናወራ ውሸት ይሆንብናል። የ2012ቱ ሊግ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ።

ከዚያ 2013 መጣ። ወረርሽኙ ባመጣው አሠራር ክለቦቹ በጋራ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ፤ ጎንደሬውም ቡድኑን በዲኤስቲቪ መከታተል ጀመረ። የስዩም ከበደ ቡድን ጥሩ ቡድን ነበር። በሩ ላይ ሳማኬ፣ ከፊቱ ያሬድ ባየህ፣ መሐል ላይ ሱራፌል ዳኛቸው፣ ፊት ሙጂብ ቃሲም። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያ ዓመት 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ዋንጫውን ግን ጎንደር ወሰደችው። በአንድ ሰው እግር ብቻ ሻምፒዮን እንደማይኮን ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ግን ያ ሊግ 13 ክለቦች ብቻ ነበሩበት። የትግራይ ክለቦች በክልላቸው በተነሳው ጦርነት ምክንያት አልተወዳደሩም። በ2011 ዋንጫውን ከእጃችን የነጠቀን ቡድን በሜዳው አልነበረም ማለት ነው። ጥማታችን ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር፦ የረታንን መርታት፣ ያንንም በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ዓይናችን ማየት። ዋንጫው ሁለቱንም ሳይዝ መጣ። ተጫዋቾቹ ጥፋት የለባቸውም፣ ከፊታቸው የቆመውን ሁሉ አሸንፈዋል። ከተማውም ወጥቶ በደስታ ተቀበላቸው። ያም ሆኖ የሆነ ነገር ጎድሎ ቀረ።

ያ ጉድለት ይመስለኛል ቶሎ ወደ ትዕግሥት ማጣት የተለወጠው። በ2014 መግቢያ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ በመልሱ 1 ለ 1 ተለያይተን፣ ሳንሸነፍ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ግቦች ሕግ ወደቅን። ብዙ ሳይቆይ፣ የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ፣ ዋንጫውን ያመጣው አሰልጣኝ ከክለቡ ተለያየ። ሊጉን ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደ፣ እኛ ሁለተኛ ሆንን። ከጥቂት ዓመት በፊት ሁለተኛነት ያስጨፍረን ነበር እኮ! አሁን እንደ ውርደት ተቆጠረ።

የመጀመሪያው ግማሽ ጥማት መንገድ አግኝቷል፤ መቐለ 70 እንደርታ በ2017 ወደ ሊጉ ተመልሷል። መመለሱ ለፋሲልም ጥቅም ነው እላለሁ፣ ብርቱ ተፎካካሪ የሌለበት ዋንጫ ይቀላልና። የቀረው ሁለተኛው ነው። ሊጉ ከ2013 ወዲህም በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ነው የሚካሄደው፣ አንድ የደባርቅ ልጅ ቡድኑን የሚያውቀው በስክሪን ነው። ለእሱ ፋሲል ከነማና አንድ የእንግሊዝ ክለብ በእኩል ይርቁታል።

ስለዚህ በየገጹ "ሁለተኛውን ዋንጫ መቼ?" የምትሉ ወዳጆቼ፣ ጥያቄውን አስቀድማችሁ ለክለቡ፣ ለከተማው አስተዳደርና ለሊጉ አክሲዮን ማኅበር እንዲህ አድርጋችሁ አቅርቡልኝ፦ ፋሲል ፋሲለደስ ስታዲየም የሚጫወተው መቼ ነው?