አሥር ቀን ሞክሩን

ባለፈው ዓመት ቦርጬን ያጠፋልኛል ብዬ «ስብ ያቃጥላል» የተባለ እንክብል ገዛሁ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ እሱ ሲጨመርበት ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፤ እንቅልፍም አጣሁ። በሦስተኛው ሌሊት ነቅታ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኳት። ዋሸሁ።

በማግስቱ እሑድ ለወጣቶች የማስተምረው ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ነበር። ዳንኤልና ጓደኞቹ ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ወስደው 10 ቀን እንዲፈተኑ፣ ከዚያም ፊታቸው ታይቶ እንዲፈረድ ራሳቸው ጠየቁ። የእኔን እንክብል ግን ማን ፈተነው? በኋላ ሳነብ፣ በአሜሪካ እንኳ እንዲህ ያለው ማሟያ ከመሸጡ በፊት የመንግሥት ማጽደቂያ እንደማያስፈልገው አወቅሁ። ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት ለልብ አደገኛ በመሆኑ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ «ተፈጥሯዊ» በተባሉ እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል።

ለጡንቻ ዱቄት መግዣ ገንዘብ የሚያጠራቅም አንድ ተማሪዬ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ጡንቻ በምን ይምጣ?» አለኝ። ዱቄት ሁሉ መርዝ ነው አላልኩትም። የአገራችን ማሾ ግን በ100 ግራም ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። ማሾ፣ እንቁላል፣ ስፖርት፣ እንቅልፍ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። «እንክብሉስ ይሁን፤ ‹ሙቀቱ ነው› ማለትህ ነው ያሳዘነኝ» አለች።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ከምትወዱት ሰው ደብቃችሁ የምትውጡት ነገር ካለ፣ ዛሬውኑ አሳዩት።