ለመንገዱ ስንቅ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ጨዋታዋ እንዳለ ነው፤ ቡናዋንም በረካ ሳትል አትነሳም። ስልኩ እየተቆራረጠ ያልጨረስነውን ወሬ በወረቀት ልጨርሰው ብዬ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ሰው ነገ ይነሳል።

ስካውት ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ግቢ፣ የኔ ዓለም። እናትሽ የፈራችው ትምህርትሽ እንዳይበደል፣ ደግሞም ሴት ልጅ ከቤት ውጭ እንዳታድር ነው። የእናት ፍርሃት ነውና አትቆጪባት፤ እኔ አነጋግራታለሁ። እኔም በአንቺ ዕድሜ ደብረ ማርቆስ ስማር ስካውት ነበርኩ። ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ ብቻ ነው።

የፈረንጅ ነገር ነው የሚሉሽ ካሉ፣ አጀማመሩ እውነት ከእነሱ ነው። ቤደን ፓወል የሚባል የእንግሊዝ መኮንን በ1899 ዓ.ም. ክረምት ከሀብታምም ከድሃም ቤት የተውጣጡ ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ብራውንሲ ወደምትባል ደሴት ሄደ። ድንኳን አስተከላቸው፣ በቡድን ከፈላቸው፣ የየቡድኑን አለቃም ከልጆቹ መሃል አደረገ። ስካውት እኛም አገር ገብቶ በጃንሆይ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ተስፋፋ።

ነገሩ ግን ለጎጃም ልጅ እንግዳ አይደለም። እረኛ መቼ ትልቅ ሰው ይጠብቀዋል? አለቃውን ራሱ ይመርጣል፣ ከብቱን በተራ ይመልሳል፣ ገና ሲደርስ ቡድኑን ከፍሎ ይጫወታል፣ የተጣላውንም እዚያው ሜዳ ላይ ያስታርቃል። የቆሎ ተማሪውስ? ገና በልጅነቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቅኔ ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል። ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ይቀልሳል፤ የመንደሩን ውሻ እየተከላከለ ለምኖ ያድራል። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የተጠራው በመምህራኑ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ልጆች እግርም ነው።

አንድ ጊዜ በጥር፣ ከስካውት ጓደኞቼ ጋር የአቡነ ዘርዓ ብሩክን በዓል የዓባይ መነሻ በሆነችው ግሽ ዓባይ እናክብር ብለን ከቡሬ በእግር ተነሳን። ሐሳቡ የእኛ ነበር፤ መምህራችን የፈቀደልን ከኋላ እንዲከተል ተስማምተን ነው። እውነትም ከኋላ ሆነ። ስንቅ ስንከፋፍልም፣ ማን ምን ይሸከም ብለን ስንጨቃጨቅም አንድ ቃል አልተናገረም። ጥሊሊን አልፈን ወደ ሰከላ ስንታጠፍ መንገዱ ተምታታብን። ግማሾቻችን በቀኝ፣ ግማሾቻችን በግራ አልን። ዞረን መምህራችንን ብናየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያራግፋል። ያኔ ገባኝ፤ ቢጠፋንም የምንጠፋው እኛ ነን፣ ብናገኘውም የምናገኘው እኛ ነን።

የቡድን አለቃችን ሁላችንንም አስቀመጠና እያንዳንዳችንን በተራ አናገረን። ከሁሉ ታናሽ የነበረው ልጅ «እዚያ ማዶ ከብት አለ፤ ከብት ካለ እረኛ አለ» አለ። ሄደን ጠየቅን። አሥር ዓመት የሚሆነው እረኛ ከብቶቹን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ እስከ ጋራው ጥግ ሸኘን፤ በየት ወርደን በየት እንደምንወጣ በዱላው እያመለከተ አስረዳን። ፈረንጆቹ ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም.፣ ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ደርሰው ስማቸው በመጽሐፍ ተጻፈ። እነሱንም መንገድ የመራቸው የአገሬው ሰው ነው፤ እኔ ግሽን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ያ እረኛ ነው።

ሌሊቱን አንድ ገበሬ አውድማው ዳር ጭድ አንጥፎልን አደርን። ግሽ ከ2,700 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አጥንት ይገባል። ጠዋት ጸበሉ ቦታ ስንደርስ ርቦናል፣ ግን ጸበል የሚገባው እህል ሳይቀመስ ነው። እንብላ፣ አንብላ የሚል ክርክር ተነሳ። አለቃችን «የተራበ ይብላና ከውጭ ይጠብቀን፤ የሚጠመቅ ይታገሥ፤ ማንም ማንንም አይውቀስ» ብሎ ፈረደ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲፈርድ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ታናሹ ዓባይ ከዚያች ረግረግ ተነስቶ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና እንደሚገባ በክፍል ተምረን ነበር፤ ውኃውን በአንድ እርምጃ ስሻገረው ግን ትምህርቱ ሌላ ሆነብኝ።

ቆይቶ አብዮቱ መጣ። ደርግ ስካውትን አፈረሰው። በታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ ወደ 60 ሺህ የምንሆን ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ወጣን። መልካም ሥራ ነበረበት፤ ፊደል አስቆጥረናል፣ የካቲት 25 የታወጀውን የመሬት አዋጅ ለገበሬው አንብበናል። ከገበሬው ጋር መኖሬን ዛሬም እወደዋለሁ። ግን የት እንደምንሄድ፣ ምን እንደምንል፣ መቼ እንደምንመለስ የሚወስነው ሌላ ነበር። ሜዳው ያው ሜዳ፣ እኛም ያው ወጣቶች፤ ያ የሰከላ መንታ መንገድ ላይ ተቀምጦ የመመካከር ነገር ግን አልነበረም። ስለዚህ የስካውት ማኅበሩ ከደርግ በኋላ እንደገና ሲቋቋም እዚህ ሆኜ ደስ አለኝ።

አሁን አንቺ ልትገቢበት ያሰብሽው ቡድን ዘንድ ስትሄጂ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። መንገዱን የሚመርጠው ማነው? አንዱ ቢደክም ወይም ቢታመም የሚወስነውስ ማነው? «አስተማሪው» ካሉሽ ሌላ ቡድን ፈልጊ። «እኛው ተመካክረን፣ አስተማሪው ካልቻልን ይገባል» ካሉሽ እዚያው ቅሪ። ዩኒፎርሙና ሻሹ ያምራል፤ በእሱ ብቻ ግን አትማረኪ። ሴቶች አለቃ ሆነው ያውቁ እንደሆነም ጠይቂ። ካልሆኑ አንቺ የመጀመሪያዋ ሁኚ።

እዚህ ያሉ እኩዮችሽ እንደምታውቂው ናቸው። አገሩ ሰላም ካጣ ወዲህ ልጅ ከከተማ ወጥቶ ጋራ መውጣት ቀርቶ ትምህርት ቤት መዋሉም ብርቅ ሆኗል። አንቺም ከጓደኞችሽ ተለይተሽ አዲስ አበባ የሄድሽው ለዚህ ነው፤ ልቤን የሚያመኝም ይኸው ነው። ይህን የምልሽ እንድታዝኚ አይደለም፤ እዚያ ከስካውት የምትማሪውን ይዘሽ አንድ ቀን ለእነሱም እንድታሳዪልኝ ስለምፈልግ ነው። መንገዱ ሲከፈት እኔ ባልችል እንኳ ከቡሬ ወደ ግሽ የሚወስደውን በወረቀት ነድፌ አስቀምጥልሻለሁ።

እስከዚያው እዚያው ቅርብ ያለውን እዩ። መናገሻ ሱባ ሂዱ፤ የጥንት ጽድ ምን እንደሚመስል እዚያ ታያላችሁ። ወንዝ ከመሻገራችሁ በፊት ወደ ላይኛው አገር ሰማይ ተመልከቱ፤ እናንተ ዘንድ ፀሐይ ሆኖ ደራሽ ውኃ ሊመጣ ይችላል። መንደር ስትደርሱ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ ባለቤቱ ውሻውን ይያዝላችሁ። ገበሬ ሲወቃ ስታገኙ ሰላም ሳትሉ አትለፉ። አዲስ ጫማ አድርገሽ ረጅም መንገድ እንዳትጀምሪ፤ ቀድመሽ ሰፈር ውስጥ ተራመጂበት።

እማማ ገብስ ቆልታ በሶ አስፈጭታልሻለች፤ ከደብዳቤው ጋር ይደርስሻል። በውኃ ስትበጠብጪው ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ ጨምሪበት፤ ማር ካገኘሽ ግን እሱ ይሻላል። ለቡድኑ ሁሉ እንዲበቃ አድርጋ ነው የላከችው፤ ብቻሽን እንዳትበዪው ብላለች። የመጀመሪያውን ጉዟችሁን የት እንደወሰናችሁ፣ ማን ምን ብሎ እንደተከራከረም ሳትዘሊ ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም፤ እመቤቴ ትጠብቅሽ።

የሚወድሽ አያትሽ