ውሃ መምጠጫ የነበረው ስዕል

አሜሪካ የሚኖር ወዳጄ ደመወዙ የሚያልቀው በጋዜጣ ካርቱን ነው። የታተመውን እንዳይመስላችሁ፤ ካርቱኒስቱ በገዛ እጁ የሳለበትን ወፍራም ወረቀት ነው የሚገዛው። «ጋዜጣው እኮ በሳንቲም ይገኝ ነበር!» ብለው፣ አንዱን አውጥቶ መብራት ሥር ዘረጋልኝ። ከታተመው በጣም ይተልቃል። ከቀለሙ ሥር ሰማያዊ የእርሳስ መስመር ይታያል፤ የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ያንን ሰማያዊ ስለማያነሳው ላጲስ የሚያባክንበት አልነበረም። የገፀ ባሕሪው አፍንጫ ላይ ደግሞ ነጭ ቀለም ተቀብቶ እንደገና ተስሏል። ሰውዬው በአንድ አፍንጫ ሁለቴ ተፈትኗል ማለት ነው! ጋዜጣው ላይ ይሄ ሁሉ የለም።

ይህ ወረቀት ግን ሥራው ከታተመ በኋላ እንደ ጥራጊ ነበር የሚታየው። የ«ቢትል ቤይሊ» ፈጣሪ ሞርት ዎከር፣ የጆርጅ ሄሪማን «ክሬዚ ካት» ስዕሎች አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጣሪያ የሚያፈስ ውሃ መምጠጫ ሆነው እንዳገኛቸው ይተርክ ነበር። መልሶ እንዳይስላቸው ሄሪማን እ.ኤ.አ. በ1944 ሞቷል። ዎከር በ1974 ኮኔቲከት ውስጥ የካርቱን ሙዚየም ከፈተ። ሙዚየሙ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ኖሮ፣ በ2008 ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ሥራዎቹ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

ዛሬማ ዋጋው አይቀመስም። ቻርልስ ሹልዝ ለወዳጆቹ በነፃ ያድላቸው ከነበሩት የ«ፒናትስ» ስዕሎች አንዷ በአሥር ሺዎች ዶላር ትሸጣለች።

አሁን ብዙዎቹ ካርቱኒስቶች የሚስሉት ኮምፒውተር ላይ ነው። የተበላሸ አፍንጫ በአንድ ጠቅታ ድምጥማጡ ይጠፋል። ለሰብሳቢ መርዶ ነው። በካርቱኒስቱ ግን አልፈርድም፤ ነገም ሌላ ስዕል ይጠበቅበታል።